ሁለቴ የተከፈለ ብር ፍለጋ

«ኦዲተር ነኝ» ስል ሰው ወዲያው ፊቱን ያኮሳትራል። ወይ የግብር ሰው እመስለዋለሁ፣ ወይ ሌባ አሳዳጅ። የእኔ ሥራ ከሁለቱም ትንሽ ፈቀቅ ያለ ነው። አንድ ኩባንያ ባለፉት ዓመታት ለአቅራቢዎቹ የከፈለውን በሙሉ በኮምፒውተር አበጥራለሁ። ሁለት ጊዜ የተከፈለ፣ ከውሉ በላይ የተከፈለ፣ ዕቃው ሳይገባ የተከፈለ ካለ አወጣለሁ። ከዚያ ገንዘቡ እንዲመለስ አደርጋለሁ።

ውጭ አገር ይህ የታወቀ ሥራ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ሜዲኬር የተባለው የጤና መድን በትርፍ የከፈለውን ገንዘብ የሚያስመልሱ ኦዲተሮችን እ.ኤ.አ. በ2005 በሙከራ አስጀምሮ፣ በ2010 መላ አገሪቱን እንዲሸፍኑ አድርጓል። የሚከፈላቸውም ካስመለሱት ላይ በመቶኛ ነው። እኛ አገር ሙያው ገና ነው። አካውንቲንግ ተምራችሁ ኮምፒውተር የምትወዱ ካላችሁ፣ እኔ ከዚህም ከዚያም ለቃቅሜ የተማርኩትን በአንድ ቦታ ታገኙት ዘንድ ነው የምጽፈው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ከማገኘው ገንዘብ አብዛኛው ሌባ የወሰደው አይደለም። የደከመ ጸሐፊ፣ የተጣደፈ ፋይናንስ፣ አንዱ የሠራውን ሌላው የማያይበት ቢሮ ነው ያፈሰሰው። ይህን ልቡ ያልተቀበለ ሰው በዚህ ሥራ ሰው ያስቀይማል እንጂ ብር አያስመልስም።

የጀመርኩት እንደማንኛውም ተመራቂ በአንድ የኦዲት ድርጅት ውስጥ ጀማሪ ኦዲተር ሆኜ ነው። ቦክስ ፋይል ተሸክሞ ማምጣት፣ ቮቸር ማገላበጥ፣ በአረንጓዴ እስክሪብቶ ቲክ ማድረግ። ከሺዎቹ ቮቸሮች ጥቂት ደርዘን በናሙና እንመርጣለን። የተመረጡት ደህና ከሆኑ ሂሳቡ ደህና ነው ይባላል። ባልተመረጡት ውስጥ ምን እንዳለ እግዜር ይወቀው። ናሙና መውሰድ ስህተት አይደለም፤ የሒሳብ መግለጫ ላይ አስተያየት ለመስጠት በቂ ነው። ሁለቴ የተከፈለን ክፍያ ለማግኘት ግን አይረባም። ጥንዱን ለማግኘት ሁለቱም ናሙናው ውስጥ መግባት አለባቸው፤ ይህ ደግሞ ሎተሪ ነው። ኮምፒውተር የለወጠው ይህንን ነው። አሁን ሁሉንም ነው የምናየው።

ስለ መሣሪያው ብዙ ሰው ይጨነቃል። ኦዲተሮች በብዛት የሚጠቀሙባቸው ኤሲኤል እና አይዲያ የሚባሉ ፕሮግራሞች ናቸው። የሁለቱም ሥር ካናዳ ነው፤ እንዲያውም አይዲያን መጀመሪያ ያሠራው የካናዳ ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት ነው። ጥሩ ጎናቸው የሰጠኋቸውን ዳታ አይነካኩም፣ የሠራሁትን እያንዳንዱን እርምጃ ይመዘግባሉ። ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ «ቁጥሩን አንቺ ነሽ የለወጥሽው» ለሚል ጠበቃ መልስ አለኝ። ችግራቸው ዋጋቸው በዶላር መሆኑ ነው። ለመጀመር ኤክሴል ይበቃል። አንድ ሺት 1,048,576 ረድፍ ይይዛል፤ የአንድ መካከለኛ አስመጪ የብዙ ዓመት ክፍያ ይገባበታል። ግን በውስጡ ያለውን የዳታ ማጽጃ መሣሪያ፣ ፓወር ኩዌሪን ልመዱ፤ እሱም የሠራችሁትን እርምጃ ይይዝላችኋል። ቀጥሎ ኤስኪውኤል (ከዳታቤዝ መረጃ ማውጫ ቋንቋ)፣ ከዚያ ፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ)። ፓይተን አቀላጥፎ የሚጽፍ፣ ጂአርኤን (ዕቃ መግባቱን የሚያሳየው የመጋዘን ሰነድ) ምን እንደሆነ ግን የማያውቅ ልጅ አጋጥሞኛል። እሱን ከማስተማር ይልቅ ስቶር ኪፐሩን ኤክሴል ማስተማር ይቀለኝ ነበር።

ዋናው ጣጣ ያለው ዳታው ላይ ነው። በውጭ ቪዲዮዎች የምታዩት ዳታ ታጥቦ የተተኮሰ ነው። የእኛን ሂሳብ ክፍል ዳታ ስትከፍቱ ሌላ ዓለም ነው።

መጀመሪያ የአቅራቢ ስም። አንዱ «ፀሐይ» ብሎ ጽፎታል፣ ሌላው «ጸሀይ»። ለእኛ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ ከሆነማ ይብሳል፤ አንዱ በቲ ይጀምረዋል፣ ሌላው በኤስ። መጨረሻ ላይ «ኃላ.የተ.የግ.ማ» የሚል አለ፣ «ፒኤልሲ» የሚል አለ፣ ምንም ያልጨመረ አለ። እኔ መጀመሪያ የማደርገው ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ መመለስ ነው። ከነዘሮቻቸው። ቅጥያውን ደግሞ ቆርጬ እጥላለሁ። ከዚያ በኋላ ነው የስም ማመሳሰል የሚጀመረው።

«ለምን በቲን ቁጥር አታመሳስይም?» ትሉኝ ይሆናል። አመሳስላለሁ። ግን ቲን አሥር አሃዝ ነው፣ ብዙዎቹም በዜሮ ይጀምራሉ። ኤክሴል ደግሞ ፊት ያለውን ዜሮ ይበላዋል። ስለዚህ አንዱ ፋይል ላይ አሥር አሃዝ የሆነው ሌላው ላይ ስድስት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ዓምዱን ገና ስታስገቡት ጽሑፍ አድርጉት።

ሁለተኛው ጣጣ የቀን አጻጻፍ ነው። ደረሰኙ ላይ አንዳንዴ የእኛ፣ አንዳንዴ የፈረንጅ ቀን አለ፤ ሲስተሙ ደግሞ የፈረንጅ ብቻ ነው የሚያውቀው። አንዱ ጸሐፊ ይቀይረዋል፣ ሌላው እንዳለ ይከተዋል። ጳጉሜንማ የራሷ ጉድ አላት። አሥራ ሦስተኛ ወር ብሎ ነገር ሲስተሙ ስለማይቀበል፣ ጸሐፊው ወይ ነሐሴ 30 ያደርገዋል፣ ወይ መስከረም 1። በየዓመቱ እነዚያ ሁለት ቀኖች ላይ ክፍያ ተቆልሎ ስታዩ አትደንግጡ። ማጭበርበር ላይሆን ይችላል።

አሁን አንድ ጉዳይ በቅርበት ላሳያችሁ። ኩባንያው አስመጪ ነው፤ አቅራቢው መርካቶ አካባቢ ያለ ማተሚያ ቤት ነው። ሁለቱ ክፍያዎች እንዲህ ተመዝግበዋል። የመጀመሪያው፦ ቁጥር 4571፣ ቀን መስከረም 12 ቀን 2015፣ ብር 180,800። ሁለተኛው፦ ሌላ ረጅም ቁጥር፣ ቀን ሴፕቴምበር 22 ቀን 2022፣ ብር 184,000። ቁጥሩ አይገጥም፣ ቀኑ አይገጥም፣ ብሩ አይገጥም። ማንም ሲስተም «ተደግሟል» ብሎ አይጮኽም።

ግን ቀኑን ስትቀይሩት አንድ ነው፤ መስከረም 12 ቀን 2015 ማለት ሴፕቴምበር 22 ቀን 2022 ነው። ብሩስ? የዕቃው ዋጋ 160,000 ነው። 15 በመቶ ቫት ሲጨመር 184,000። በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት ያኔ ለዕቃ ከ10,000 ብር በላይ ሲከፈል 2 በመቶ ዊዝሆልዲንግ (ገዢው ከሻጩ ክፍያ ላይ ቀንሶ ለመንግሥት የሚያስገባው ግብር) ይቀነስ ነበር። የ160,000 ሁለት በመቶ 3,200 ነው። ከ184,000 ላይ 3,200 ሲነሳ 180,800። ያው አንድ ደረሰኝ ነው! መጀመሪያ የከፈለው ዊዝሆልዲንግ ቀንሶ የተጣራውን መዘገበ። ሁለተኛው ሳይቀንስ ሙሉውን ከፈለ። ቁጥሩ የተለያየውም አንዱ ከእጅ በእጅ ደረሰኙ ቁጥሩን ሲወስድ፣ ሌላው ከሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ ወረቀት ኤፍኤስ የሚባለውን የማሽኑን ደረሰኝ ቁጥር ስለወሰደ ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ፈተና በሁሉም ደንበኞች ዳታ ላይ እሠራለሁ። የእያንዳንዱን አቅራቢ ክፍያዎች ጥንድ ጥንድ አድርጌ፣ አንዱ የሌላው ከዊዝሆልዲንግ በኋላ ያለ መጠን መሆኑን አያለሁ። ከቫት በፊት ያለውን መጠንም እንዲሁ። ቀመሩ ሁለት መስመር ነው። ምጣኔው በኋላ በአዋጅ ስለተሻሻለ፣ በክፍያው ቀን ይሠራ የነበረውን መውሰድ አትርሱ። ይህን የትም መጽሐፍ ላይ አላገኘሁትም፤ እኛ አገር ላለ ሂሳብ ግን ከማንኛውም ፈተና በላይ ይሠራል።

የቀረው የተለመደው ነው። የግዢ ትዕዛዙን፣ ጂአርኤኑን እና ኢንቮይሱን (የአቅራቢውን የክፍያ መጠየቂያ) ጎን ለጎን ማስቀመጥ። መቶ ካርቶን ታዞ፣ ዘጠና ገብቶ፣ የመቶ የተከፈለበት ይወጣል። በውሉ ላይ ቅናሽ ተጽፎ፣ ደረሰኙ ላይ የጠፋ ይወጣል። ተመላሽ ዕቃ ያልተቀነሰበት ይወጣል።

ወደ ማጭበርበሩ እንምጣ፤ ሁሉም የሚጠይቀኝ እሱን ነው።

የቤንፎርድን ሕግ ሰምታችሁ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1881 ሳይመን ኒውኮም የተባለ የሥነ ፈለክ ሊቅ ሎጋሪዝም በሚባለው የስሌት ሰንጠረዥ መጽሐፍ ላይ በ1 የሚጀምሩ ቁጥሮች ያሉባቸው የመጀመሪያ ገጾች ከኋለኞቹ ይልቅ አርጅተው አየ። እ.ኤ.አ. በ1938 የጄኔራል ኤሌክትሪክ ፊዚሲስት የነበረው ፍራንክ ቤንፎርድ ከ20,000 በላይ ቁጥሮች ሰብስቦ ነገሩን አሳየ። በተፈጥሯቸው የሚያድጉና የሚለያዩ ቁጥሮች ውስጥ በ1 የሚጀምሩት 30 በመቶ ገደማ ናቸው፤ በ9 የሚጀምሩት 5 በመቶ አይሞሉም። ከጭንቅላቱ ቁጥር የሚፈጥር ሰው ይህን አይጠብቅም። ጥሩ ነው፤ ግን ተአምር አታድርጉት። አንድ ድርጅት ውስጥ በ9 የሚጀምሩት ከመጠን በላይ በዝተው አገኘን። ስናየው አብዛኛው ከ10,000 ብር ትንሽ ያነሰ ነው፦ 9,950፣ 9,900፣ 9,980። አቅራቢዎቹ ዊዝሆልዲንግ እንዳይቀነስባቸው አንዱን ሽያጭ ለሁለትና ለሦስት ደረሰኝ ከፋፍለውት ነው። የግብር ጥፋት ነው፤ ግን ከኩባንያው አንድ ሳንቲም አልተሰረቀም። ቤንፎርድ የት እንደምታዩ ይነግራችኋል፤ ምን እንዳለ ግን አይነግራችሁም።

እኔ የበለጠ የማምናቸው ተራ የሆኑ ማመሳሰያዎች አሉ። የአቅራቢዎችን የባንክ ሂሳብ ቁጥርና ስልክ ከሠራተኞች ዝርዝር ጋር ማጋጨት። የአንድ አቅራቢ ደረሰኞች ቁጥር ተከታታይ መሆኑን ማየት፤ 101፣ 102፣ 103 እያለ ለስድስት ወር ከሄደ፣ ከእናንተ ሌላ ደንበኛ የለውም ማለት ነው። ይህ ሰው ማነው? ሱቁ የት ነው? ሄዳችሁ እዩት። ሰኔ 30 ላይ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል የሚግተለተለውን ክፍያም ለብቻው አውጡት።

የባንክ ሂሳብ ቁጥር ለውጥ ሌላው ነው። «ሂሳባችንን ቀይረናል፣ ከአሁን በኋላ በዚህ አስገቡልን» የሚል ኢሜይል ይመጣል። አንድ የሊትዌኒያ ሰው እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 የታይዋን የኮምፒውተር ዕቃ አቅራቢ መስሎ ለጉግል እና ለፌስቡክ ሐሰተኛ ኢንቮይስ እየላከ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስከፍሏቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ አምስት ዓመት ተፈርዶበታል። እነሱን ካታለለ እኛን አያቅተውም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ኢሜይሉ ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን፣ ዱሮ በምታውቁት ስልክ ደውላችሁ አረጋግጡ።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትላልቆቹን ማጭበርበሮች በብዛት የሚያወጣቸው ሶፍትዌር አይደለም። ዋና ጽሕፈት ቤቱ አሜሪካ የሆነው የማጭበርበር መርማሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጥናት ከታወቁት ጉዳዮች 43 በመቶው የተደረሰባቸው በጥቆማ ነው። ከጠቋሚዎቹም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የራሱ የድርጅቱ ሠራተኞች ናቸው። እኔም ያየሁት ይህንኑ ነው። አንድ ቢሮ ውስጥ ዳታ እየጠበቅኩ ሳለ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የቀድሞ ሰነድ ያዥ ሻይ ጋበዙኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ የጄኔሬተር ነዳጁን አይተሽዋል? መብራት ባልጠፋበት ወርም ይቀዳል» አሉኝ። ምንም ፈተና እንዲህ ያለውን አያወጣውም። ቁጥሮቹ ልክ ናቸው፣ ደረሰኙ አለ፣ ፊርማው አለ። ሻይ የሚጠጣ ኦዲተር ሁኑ።

ያገኛችሁትን እንዴት እንደምትናገሩ ደግሞ ከማግኘቱ በላይ ይከብዳል። የእኔ ልማድ ይህ ነው። ሪፖርቴ ላይ «ሰረቀ» የሚል ቃል አይገባም። «ይህ ክፍያ ሁለት ጊዜ ተፈጽሟል፤ ሁለቱንም ያጸደቀው ፊርማ ይህ ነው፤ ሰነዱ አባሪ ነው» እላለሁ፣ አበቃ። የተጠረጠረውን ሰው ብቻዬን አላናግርም፤ ያ የመርማሪ ሥራ ነው። ዳታውን ኮፒ አድርጌ፣ ዋናውን ሰነድ ሰው ፊት ቆጥሬ አስቆልፋለሁ። ከዚያ ወደ ኦዲት ኮሚቴ ወይም ቦርድ ነው የምሄደው እንጂ ወደ ፋይናንስ ኃላፊው አይደለም። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። የቢሮ ወሬ ደግሞ እንደ ጭስ ነው፣ በር ብትዘጉም ይወጣል። ስለዚህ በተቻለ መጠን ጥቂት ሰው ይወቅ።

ወደ ማተሚያ ቤቱ ልመለስ፤ ማስመለስ ምን እንደሚመስል የሚያሳየው እሱ ነው። ብዙ ኩባንያ እዚህ ላይ በጠበቃ ማስጠንቀቂያ ይጀምራል። እኔ በስልክ፣ ከተቻለም በእግሬ ነው የምጀምረው። ባለቤቱ ትልቅ ሰው ናቸው። ገና ሳልቀመጥ፣ «ልጄ፣ እኔ የሰው ብር በልቼ አላውቅም» አሉኝ።

«አውቃለሁ ጋሼ፣ ለዚህ ነው ራሴ የመጣሁት። እስቲ የእኛን ሂሳብ ከእርስዎ መዝገብ ላይ ያሳዩኝ።»

ሂሳብ ሠራተኛዋ ተጠራች። መዝገቡን ገለጠች። ሁለተኛው ክፍያ ገብቷል፤ ምን እንደሆነ ስላላወቀች «ቅድሚያ ክፍያ» ብላ ይዛዋለች። አልደበቀችውም፣ አልነገረችንምም። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት፤ ምንም አላሉም። ገንዘቡ በካሽ አልተመለሰም፤ ከሚቀጥሉት ሁለት ትዕዛዞች ሂሳብ ላይ እየተቀነሰ ተቻቻለ። ወረቀት ተፈራረምን። ኩባንያው አቅራቢውን ሳያጣ ብሩን አገኘ።

እዚህ ላይ መጀመሪያ የምትጠይቁት ነገር ዕዳ ሳይሆን ስቴትመንት ይሁን። ለትላልቅ አቅራቢዎች ሁሉ «የእኛን የሂሳብ መግለጫ ላኩልን» የሚል ደብዳቤ ላኩ። ከሚመጣው መልስ ውስጥ ያልተጠቀማችሁበት የክሬዲት ኖት (አቅራቢው «ከሂሳባችሁ ቀንሻለሁ» የሚልበት ወረቀት)፣ የተረሳ ቅድሚያ ክፍያ ይወጣል። ማንንም ሳትከሱ።

ጊዜም ገንዘብ ነው፣ በተለይ አሁን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከዚያ በፊት በትርፍ የተከፈለ ብር ዛሬ ሲመለስ ቁጥሩ ያው ነው፣ የሚገዛው ግን ሌላ ነው። ትርፍ ክፍያው አቅራቢው ዘንድ በቆየ ቁጥር ያለ ወለድ እያበደራችሁት ነው። ስለዚህ ዓመት ጠብቆ መፈተሽ አይበጅም። አሁን ደንበኞቼን የምመክረው ፈተናዎቹን ክፍያው ከመውጣቱ በፊት በየሳምንቱ እንዲያስኬዱ ነው። ይህ ካስመለስኩት ላይ የሚደርሰኝን ኮሚሽን ይቀንሳል፤ ወርኃዊ ክፍያ ግን ያመጣል። ለሁለታችንም ይሻላል።

ልትገቡበት ካሰባችሁ፣ በውስጥ ኦዲት ወይም በአቅራቢ ክፍያ ክፍል ሁለት ሦስት ዓመት ሥሩ። ወረቀቱ እንዴት እንደሚሄድ ሳታውቁ የት እንደሚፈስ አታውቁም። ኤሲሲኤ የሚባለው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ባለሙያ ማረጋገጫ ያለው ይጠቅመዋል። ሲኤፍኢ የሚባለው የማጭበርበር መርማሪዎች ፈተና በኦንላይን ይወሰዳል፤ ዋጋው በዶላር ስለሆነ ቀጣሪያችሁ ቢከፍልላችሁ ይመረጣል።

በግል ስትሠሩ ደግሞ ውሉ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ኮሚሽኑ የሚታሰበው ባገኛችሁት ላይ ነው ወይስ በተመለሰው ላይ? በተመለሰው ላይ ይሁን፤ ኩባንያው ያምናችኋል። ግን «ተመለሰ» ማለት ባንክ የገባ ብቻ ሳይሆን የተቻቻለውንም እንደሚጨምር ይጻፍ። ኩባንያው ራሱ አስቀድሞ ያወቃቸው ትርፍ ክፍያዎች ዝርዝር ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይፈረምበት፤ አለበለዚያ ስታገኙት «እሱንማ እናውቀው ነበር» ይባላል። ስንት ዓመት ወደኋላ እንደምታዩ ይወሰን። የዚያው ኩባንያ የውጭ ኦዲተር ከሆናችሁ ደግሞ በኮሚሽን መሥራቱን እርሱት፤ ዓለም አቀፉ የሂሳብ ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ደንብ ለኦዲት ሥራ በውጤት ላይ የተመሠረተ ክፍያን ይከለክላል። ዳታውንም ውሉ ሳይፈረም አትቀበሉ፣ ፍላሽ ላይ «ለጊዜው» ብለው ቢሰጧችሁም።